ትንፋሽ በሰዓት እላፊ

እትዬ ማንጠግቦሽ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት መዳፏን ከአፏ ፊት ታደርግና፣ ከንፈሯን ሰብስባ ቀስ ብላ እፍ ትላለች። ላያት ሰው የቀዘቀዘ እጇን የምታሞቅ ነው የሚመስለው፤ ደባርቅም ብርድ አገር ስለሆነ ማንም ልብ ብሎ አይጠይቃትም። እሷ ግን የምትለካው ትንፋሿን ነው። ትንፋሹ ረጅም ሆኖ መዳፏ ላይ እኩል ካረፈ ሌሊቱ ደግ ነው። መሃል ላይ ከተቆረጠ ወይም ቀጭን ፉጨት ይዞ ከወጣ፣ ያን ምሽት ትራሶቿን ትደራርባለች፣ ኪኒኗንና በጣሳ ውኃ ራስጌዋ ታኖራለች፣ የመስኮቱን መዝጊያ ከወትሮው ሰፋ አድርጋ ትከፍታለች። ከዚያ አማትባ ትተኛለች።

ጠላ ሻጭ ናት። ቤቷ ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ጭቃ ቤት ነው። የተወለደችው ዳባት አጠገብ ከገበሬ ቤት ሲሆን፣ በልጅነቷ ተድራ ነው ደባርቅ የገባችው። ባሏ አለነ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ እሱ ሲሞት ገና ልጅ አልወለዱም። ዘመዶቿ ወደ ዳባት ተመለሺ ቢሏት እንቢ አለች። እንስራ ገዛች፣ ጌሾ ወቀጠች፣ የገብስ ጠላ ጠመቀች። ብዙም ሳይቆይ ጠላዋ ስም አወጣ፤ ከበየዳ እህል ይዘው የሚወርዱ ገበሬዎች እህላቸውን ሳይሸጡ መጀመሪያ እሷ ቤት ጎራ ይሉ ጀመር።

ስም ያወጣላት ጭሱ ነው። ጠላ የሚጠምቅ ሁሉ የታጠበውን እንስራ በሚጤስ የወይራ እንጨት ላይ ይደፋዋል፤ ጭሱ ሸክላው ውስጥ ይገባና ጠላው ያን ሽታ ይዞ ይወጣል። ማንጠግቦሽ ግን ሌሎች አንድ ጊዜ የሚያጥኑትን እየደጋገመች ነበር የምታጥነው፤ ያውም ጓዳዋ ውስጥ፣ በር ዘግታ። ደጅ ከታጠነ ነፋስ ጭሱን ይበትነዋል፣ አላፊ አግዳሚውም በዓይኑ ይበላዋል ብላ ታምን ነበር። የምትተኛበት መደብም ያው ጓዳ ውስጥ ነው።

አስሙ የጀመራት አለነ በሞተ በሁለተኛው ክረምት ነው። ቀን ቀን ደህና ናት፤ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ከጠጪዎቿ ጋር ትተራረባለች። ሌሊት ጋደም ስትል ግን ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠባት ያህል ይከብዳታል። አየር መሳቡ አልነበረም የሚያስቸግራት፤ የሳበችውን ማውጣቱ ነበር እንቢ የሚላት። ተነሥታ ትቀመጣለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች፣ ወለሉ ላይ በእጇና በጉልበቷ ትደፋለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያንስ ሰው ነበር። ሲብስባት ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወስዳት ነበር፤ መርፌ ትወጋለች፣ ሲነጋ በእግሯ ትመለሳለች።

በ1970 ዓ.ም. ግን ከተማው ሰዓት እላፊ ገባበት። በየማዕዘኑ አብዮት ጥበቃ ቆመ። ከመሸ በኋላ ደጅ የተገኘ ሰው ማንነቱ ሳይጠየቅ ይተኮስበታል ይባል ነበር፤ የሆነበትም ጊዜ አለ። ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች በራቸውን ቀርቅረው ያድራሉ፣ ማንም አይፈርድባቸውም። አስሟ ደግሞ ሰዓት እላፊው ሲገባ ይነሣል፣ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ይተኛል።

«ሞትስ ለማንም አይቀርም» ትላለች ስለዚያ ጊዜ ስትናገር። «እኔ የፈራሁት ዓይኔን የሚከድንልኝ ሰው ሳይኖር መሞቱን ነው። ጠላ ሊጠጡ የመጡ ሰዎች በር አንኳኩተው፣ አንኳኩተው፣ እሷ የለችም ብለው ሲሄዱ ይታየኝ ነበር።»

ከግድግዳው ማዶ ጣይባ ትኖራለች። የጨው ነጋዴው የሸሀቡ ሚስት ናት። ሸሀቡ መንገዱ በጦርነት በተዘጋ ቁጥር ጎንደር ይቀርና ወራት አይመጣም፤ እሷም ብቻዋን ታድራለች። ሁለቱ ጎረቤታሞች በበዓል ከሚታረደው ሥጋ በቀር የማይካፈሉት ነገር አልነበራቸውም። ሰዓት እላፊው ሲመጣ እንዲህ ተስማሙ፦ ማንጠግቦሽ ሲነሣባት ግድግዳውን በማማሰያ ትመታለች፤ ጣይባም ከወዲያ መልሳ ትመታለች። አለሁ፣ ሰምቼሻለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ልታደርግላት የምትችለው ነገር ስለሌለ ታወራላታለች። ስለ ገበያው፣ ስለ ሸሀቡ ቤተ ዘመድ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ እስኪነጋ ድረስ በግድግዳው ታወራለች። መልስ የማይመልስ ሰው በማግኘቷ የልቧን ሁሉ ተናገረች ብላ ማንጠግቦሽ እስከ ዛሬ ትስቅባታለች።

የሚያሳዝነው፣ በዚያን ጊዜ ደረቷን ለማዳን የምታደርገው ነገር ሁሉ ደረቷን የሚዘጋ መሆኑ ነው። በሽታው ከብርድ ነው ብለው ሁሉም ተስማምተዋል፤ ብርድ ደግሞ በቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ መስኮቱን በጨርቅ ወትፋ፣ የበሩን ስንጥቅ በእበት መርጋ፣ ባና ተከናንባ ትተኛ ነበር። መደቧ ላይ የበግ አጎዛ ደርባ አንጥፋለች። ሲብስባት ደግሞ ጎረቤቶቿ እንደመከሯት ወይራ ታጤሳለች። ወይራ የሚገማን ነገር ያጠራል፣ ክፉ መንፈስ ያርቃል፣ ወተት እንኳ እንዳይበላሽ ይጠብቃል፤ እንዴት ሰው ይጎዳል? በዚያ አገር ይህን የሚጠራጠር አልነበረም። እሷም ታፍና አድራ በነጋታው ተመስገን፣ ወይራው ባይኖር ሞቼ ነበር ትላለች።

አንድ የጥቅምት ሌሊት ማማሰያውን አንድ ጊዜ ብቻ መታች። ጣይባ መለሰች፤ ሁለተኛ ግን አልሰማችም። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በሩን በግድ ከፍታ ስትገባ፣ ማንጠግቦሽ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አንድ ቃል ሙሉ መናገር አልቻለችም። ጣይባ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት።

እዚያ ሀብተ ሚካኤል የሚባል ድሬሰር ነበር። ከተማው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱ ዶክተር አይደለሁም ማለት ከሰለቸው ቆይቷል። መርፌውን ወግቶ፣ ትንፋሿ ትንሽ እንደተመለሰላት ኪኒን ሰጣት። ከዚህ በፊት የሰጣትን ኪኒን ምን ታደርገው እንደነበር ሲጠይቃት፣ ለባሰ ቀን ብላ ቋጥራ እንደምታስቀምጠው ነገረችው። እሱም የባሰው ቀን ከመጣ በኋላ ኪኒኑ ሮጦ የሚደርስበት እግር እንደሌለው፣ ፉጨቱ ገና ሲጀምር መዋጥ እንዳለባት አስረዳት። ሲነሣባት እንዳትተኛ፣ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደፊት ጎንበስ ብላ እንድትቀመጥም ነገራት። ከሁሉ የጠቀማት ግን የመጨረሻው ነው።

«እትዬ፣ ፍም ስታነጂ አመዱ እንዳይቦን እንዴት ነው እፍ የምትይው?»

«ቀስ ብዬ ነዋ። ከንፈሬን ጠበብ አድርጌ።»

«እንደዚያ ነው። መሳቡን ተይው፤ እሱ ራሱ ይመጣል። አንቺ ማውጣቱን ብቻ ያዢ። አመድ ሳታስነሺ፣ እስኪያልቅ ድረስ እፍ በይ።»

ዕድሜዋን ሙሉ እሳት ስታነድ ለኖረች ሴት ከዚህ የቀለለ ትምህርት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሲነሣባት ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ ፍም እንዳለ አድርጋ እፍ ትላለች። ሽብሩ ቀነሰላት። ሌሊቶቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ ሀብተ ሚካኤልም ቢሆን ከብርድ ተጠበቂ ከማለት በቀር የሚጨምረው አልነበረውም።

ኅዳር ላይ ለደረስጌ ማርያም ስዕለቷን ልታደርስ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሄደች። ጣይባ አትሂጂ ብላ ለመነቻት። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ማደሪያው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣር ነው። ማንጠግቦሽ ግን በልቧ የያዘችው ሌላ ነገር ነበር፤ እዚያ ብሞት ቢያንስ ሰው መሃል ነው ብላ ነበር የወጣችው። የመጀመሪያውን ሌሊት ኪኒኗን ጨብጣ፣ አጥር ተደግፋ ጠበቀችው። አልመጣም። ሁለተኛውንም ሌሊት ጠበቀችው። ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ ደረቷ ክፍት ሆኖ አደረ። በሦስተኛው ሌሊት መጠበቁን ተወችና ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማርያም ማረችኝ እያለች፣ እልል እያለች ነው ደባርቅ የገባችው። በማግሥቱ ገበያ ስለነበር እንስራዎቿን አጥባ፣ በሩን ዘግታ አጠነች። የዚያኑ ሌሊት ተነሣባት።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ መርፌ ፈልጋ አልነበረም፤ አዝና ነበር። የሰጠችኝን ምሕረት ለምን ወሰደችብኝ፣ ምን በድዬ ነው ብላ ለሀብተ ሚካኤል አለቀሰችለት። እሱ እስክትጨርስ አዳመጣት። ደረስጌ ከዚህ ይበርዳል ወይ አላት። አጥንት ይሰብራል አለችው። ብርዱ እዚያ ካልጎዳት እዚህ እንዴት ይጎዳታል?

«እዚያ ያልነበረ፣ እዚህ ያለ ነገር ምንድን ነው?» አላት።

«ቤቴ።»

«ቤትሽ ውስጥስ?»

«ምን አለ ብለው ነው? እንስራ ነዋ።» ይህን ብላ ቆመች። ከዚያ ተቆጣች። «ወይራ እኮ ነው! የተባረከ እንጨት ነው፤ የማንንም ኩበት አላጤስኩም።»

ሀብተ ሚካኤል እሱም ቤቱ ወይራ እንደሚያጤስ፣ ነገሩ ለራሱም አዲስ እንደሆነበት አልደበቃትም። ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ የሷ ደረት ግን ወይራን ከኩበት ለይቶ አያውቅም፣ ጭስ ሁሉ ጭስ ነው አላት። አጎዛውም ጠጉርና አቧራ ስለሚይዝ ይውጣ፣ መኝታዋም ከጓዳ ይውጣ፣ መስኮቱም ይከፈት አለ። ስትወጣ በሩ ላይ ጠራትና፣ ምናልባት ማርያም ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም አሳይታሽ ይሆናል አላት። ማንጠግቦሽ ይህን ቃል እስከ ቤቷ ድረስ እያሰላሰለችው ሄደች።

መኝታውን ማዛወር ቀላል ነበር። አጎዛውን ጣይባ አውጥታ ፀሐይ ላይ ጣለችው። ጭሱ ግን እንጀራዋ ነው። አንድ ጥንስስ ሳታጥን ጠምቃ ብታቀርብ ጠጪዎቹ ዋንጫቸውን እያዩ ተጠቃቀሱ። አንዱ ሽማግሌ፣ ምነው ማንጠግቦሽ፣ ዛሬ ጸበል ነው የምታጠጪን አሏት። ሌላው ጠጪ፣ ጸበል ሳይሆን ከደረስጌ ጾም ይዛልን መጥታ ነው አለ። ሳቀችላቸው፤ ማታ ግን ለጣይባ በግድግዳው፣ ትንፋሽ ሳያጥራት፣ ወይ ከጭሱ ወይ ከረሃቡ አንዱን ልመርጥ ነው አለቻት።

ጣይባ በነጋታው መጥታ እንስራዎቹን አንድ በአንድ ተሸክማ ወደ ራሷ ጓሮ ወሰደች። ማንጠግቦሽ ምን ልትሆኚ ነው ብላ ተከተለቻት። ጣይባ ጠላ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ የወተት ዕቃ ግን ስታጥን ነው ያደገችው።

«ኧረ ተይ ጣይባ፣ ሰዎችሽ ምን ይሉሻል?»

«ጠላውን እንጂ ጭሱን ማን ከለከለኝ? ዞር በይ፣ ነፋሱ ወዳንቺ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንስራው በጣይባ ጓሮ፣ ነፋሱ ወደ ሊማሊሞ ገደል በሚነፍስበት በረፋዱ ይታጠናል። ማንጠግቦሽ አጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ገና ነው፣ ድገሚው፣ አሁንም ገና ነው እያለች ታዝዛለች። ጣይባ ዓይኗ እያነባ፣ ትንፋሽሽ ሲመለስ ትእዛዝሽ አብሮ ተመለሰ ትላታለች። ጠላው ሽታውን አገኘ፤ ዓይንም ነፋስም አልበላውም። ሽማግሌው ቀምሰው፣ ጾሙ ተፈታ አሉ።

የቀረው መስኮቱ ነበር። በሰዓት እላፊ የተከፈተ መስኮት ያስጠረጥራል፤ ወይ የሚወጣ ሰው አለ ወይ የሚገባ። በዚያ ማዕዘን የሚጠብቀው ያርጋል የአናጢ ልጅ ነው፤ ጠመንጃውን ከተሸከመ ወዲህ ጓድ ካላሉት አይመልስም። በመጀመሪያው ሌሊት መስኮቱን ማን ከፈተው ብሎ ጮኸ። ማንጠግቦሽ ውስጥ ሆና እፍ እያለች ነበርና መልስ ለመስጠት የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራትም። ከማዶ ጣይባ መለሰችለት።

«የተከፈተው መስኮት አይደለም፣ የሰው ደረት ነው። ልትተኩስ እንደሆነ ተኩስ፤ አለዚያ ድምፅህን ቀንስ።»

ያርጋል ጥቂት ቆመ። ያቺ ቀጭን ፉጨት ከመስኮቱ ስትወጣ ሰማ፣ ሄደም። ሲነጋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ደንብ ደንብ ነው አላት። እሷም፣ ጓድ ያርጋል፣ ቀበሌው ትንፋሽ ካልከለከለ መስኮቴ ይከፈታል አለችው። ነገሩን ወደ ቀበሌ ወሰደው። ምን ብሎ እንደተናገረላት አታውቅም፤ መብራት እስካልበራ ድረስ መስኮቱ ይከፈት የሚል መልስ ይዞ መጣ። በጨለማ መተንፈስማ ለምጃለሁ አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሲስቅ አየችው።

ከዚያ በኋላ ሌሊቶቹ እየሳሱ ሄዱ። በሳምንት የነበረው በወር ሆነ። ሲመጣም ፉጨቱን ገና ከጅምሩ ታውቀዋለች፤ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ጎንበስ ብላ ትቀመጣለች፣ እፍ ትላለች፣ ግድግዳውን ትመታለች፣ ጣይባም ወሬዋን ትጀምራለች። ያም ሆኖ በጀርባዋም በጎኗም አትተኛም ነበር። ተቀምጣ ማደር የልማድ ያህል ሆኖባት፣ ጋደም ማለት ሞትን መጥራት ይመስላት ነበር።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ማታ ትንፋሿን በመዳፏ ለካችው፤ ረጅምና ለስላሳ ነበር። ትራሶቹን አየቻቸው። ትንሽ ልሞክረው ብላ አንዱን ብቻ አስቀረችና በጎኗ ተጋደመች። ጣሪያውን ዝናብ እየመታው ነበር። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የምታውቀው በሰው አፍ ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ጣይባ ከእንቅልፏ ባነነች። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ይሰማል፤ ያ የምታውቀው ፉጨት ግን አይደለም። የሚጎተት፣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ድንገት ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ መንጠቅ ብሎ ይጀምራል። አባቷ ሲሞቱ አጠገባቸው ነበረች፤ ጣር መሰላት። ግድግዳውን መታች። መልስ የለም። ደግማ መታች። ድምፁ ቆመ፣ ከዚያም ቀጠለ። ማንጤ፣ ማንጤ እያለች ተጣራች፤ የሚመልስ ጠፋ።

ያርጋል በዚያ በኩል ሲያልፍ ኮቴውን ሰማችና በሩን ከፍታ ወጣች። ሰዓት እላፊውን ረስታዋለች። ያርጋልም ሳይረሳው አልቀረም፤ ተመለሺ አላላትም። ሁለቱም መስኮቱ ሥር ቆመው ሰሙ። ያርጋል እትዬ ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ከዚያም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ወርውሮ በጭቃው ወደ ጤና ጣቢያው ሠፈር ሮጠ። በየማዕዘኑ ያሉት ጓዶቹ ቁም ሲሉት የራሱን ስም እየጠራ አለፈ። ሲመለስ ሀብተ ሚካኤል ካፖርቱን ደርቦ፣ የመርፌ ሣጥኑን ይዞ ከኋላው ነበር። ቃሬዛ ይሸከሙ ከነበሩት ጎረቤቶችም ሁለቱ ግርግሩን ሰምተው ወጡ። በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ በሌሊት ይህን ያህል ሰው ቆሞ አያውቅም።

ሀብተ ሚካኤል መጀመሪያ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው። ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገብቶ አዳመጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሣጥኑን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጣይባ ማልቀሱ መሰላትና እሪ አለች።

በዚህ ጊዜ ነው ማንጠግቦሽ የነቃችው። በጎኗ እንደተጋደመች፣ ትንፋሿ ረጭ እንዳለ፣ በመስኮቱ ውስጥ የተደረደሩትን ራሶች አየች። ጣይባ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። ያርጋል በጭቃ ተለውሷል።

«ምነው?» አለች። «ማን ሞተ?»

ለረጅም ጊዜ የፈራችው ነገር ቢመጣ ማን እንደሚደርስላት ያን ሌሊት አየች፤ የታየውም ምንም ባልሆነችበት ሌሊት ነው። ሰዎቹ ሲነጋ ተሰናብተው ሄዱ። እሷም በሩን ዘግታ ተመልሳ ተጋደመች።

እኔ ይህን የሰማሁት በ1977 ዓ.ም.፣ ደባርቅ ለማስተማር ተመድቤ ግቢዋ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ሳለሁ ነው። ያርጋል ዛሬ አባቱን ተክቶ አናጢ ሆኗል፤ መስኮቷን ሠርቶ የሰጣት እሱ ነው። ስለሷ ልጽፍ እንደምፈልግ በፍርሃት ስነግራት ጥቂት አሰበችና ፈቀደች። በሽታዬን ጻፊ፣ አለነንም ጻፊ፣ ፈሪ መሆኔንም ጻፊ አለችኝ። አንዲት ነገር ብቻ እንድተው ለመነችኝ፤ የሴት ልጅ ወግ አይደለም ብላ ነው። ጣይባ ይህን ስትሰማ፣ ገበያው ሁሉ ከኔ ሰምቶ የጨረሰውን አንቺ ብትተይው ምን ይጠቅማታል ብላ ገላገለችኝ።

ያን ሌሊት ከመስኮቱ የወጣው ድምፅ ጣር አልነበረም። እትዬ ማንጠግቦሽ እያንኮራፋች ነበር።